አራተኛዋን አልጋ የዘለለው መቀስ

«ያን መቀስ ልጄ ላይ እንዳታሳርፈው!»

ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ዘወር አልን…

የጮኸችው የአራተኛዋ አልጋ አስታማሚ ናት። ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ከሥራ በቀጥታ የምትመጣ፣ ጥፍሯ ሥር አፈር የማይጠፋ ሴት። አልጋው ላይ ያለችው ልጅ ክንዷን ሽቦ ቀዷት ነው የገባችው።

ስድስት አልጋ በመስኮቱ በኩል ተደርድሯል። እኔ አምስተኛው አጠገብ ቆሜያለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከሞተር ወድቆ እግሩ ተልጦ… «ሦስት ቀን ተኝቶ ይወጣል» ተብለናል።

ወጣቱ ዶክተር ከአንደኛው አልጋ ጀምሮ ቁስል እያጸዳ ነው የመጣው።

በአንድ መቀስ… በአንድ ጓንት።

ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው ሲያልፍ መቀሱን በደረቅ የቁስል ጨርቅ ጠረግ ያደርግና… ቀጥሎ!

«እማማ፣ ይሄ ሆስፒታል ነው፤ እርሻ አይደለም» አላት።

ሁላችንም ሳቅን።

አዎ፣ እኔም ስቄያለሁ። ይሄን ስጽፍ በራሴ እየተናደድኩ ነው።

እሷ አልሳቀችም። ፊቱን ትክ ብላ አየችውና «አንተ ልጅ… ይሄን ነገር ታውቀዋለህ እኮ» አለችው።

አንተ! ዶክተሩን!

«ኧረ እማማ፣ ሰው ያክብሩ እንጂ! ስንት ዓመት ተምሮ ነው እኮ!» አልኳት፣ ነገር አዋቂው እኔ።

ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ የምሠራው የቲማቲም ግሪንሃውስ ውስጥ ነው። ቅርንጫፍ ስንቆርጥ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዳችን በፊት መቀሱን በረኪና ውሃ ውስጥ እንነክራለን። አንድ ቀን ቸኩዬ ባልዲውን ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ አንድ መደዳ ሙሉ ጠወለገ… እኔ በቆረጥኩበት ተራ! በነፋስ የመጣ በሽታ ይበታተናል። በመቀስ የመጣ ግን ተራ ይጠብቃል።»

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። «ጥበቃ! እኚህን ሴትዮ አውጣልኝ!»

ጥበቃው ክንዷን ይዞ ሲወስዳት ልጅቷ ብርድ ልብሷን እስከ አንገቷ ሳበች። «እሳቸው ከወጡ እኔንም ማንም አይነካኝም!»

ዶክተሩ «እንደፈለግሽ!» ብሎ ዘለላት።

መቀሱ ወንድሜ እግር ላይ አረፈ።

እግሩን ደግፌ የያዝኩለት እኔው ነኝ…

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ከታሸገበት አዲስ መቀስ አውጥታ፣ እጇን ታጥባ፣ የልጅቷን ፋሻ ቀየረችላት።

በሦስተኛው ቀን አንደኛው አልጋ አተኮሰው። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው…

አምስተኛው። ወንድሜ በትኩሳት ይቃዣል፣ ቁስሉ መግል ይዞ ሽታው አያስጠጋም።

ስድስተኛው።

አራተኛዋ ብቻ ቁጭ ብላ ብርቱካን ትበላለች!

ዋና ነርሷ የላብራቶሪውን ውጤት ይዛ ገባች። አምስቱም ቁስል ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ነው። አልጋዎቹን ከዳር እስከ ዳር አየችና «አራተኛዋን ምን አተረፋት?» ብላ ጠየቀች።

አፌን ከፍቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የሳቅነውን ጭምር።

ሴትዮዋ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠራች። ሦስቱን ቀን ከሥራ ስትወጣ እየመጣች እዚያ ነበር የምትቀመጠው፤ እንዳትገባ ተከልክላ!

«እውነትዎን ነው እናቴ» አለቻት ዋና ነርሷ። «ቲማቲሙን የሚያጠወልገውና ሰው የሚጥለው ባክቴሪያ አንድ አይደለም። መንገዳቸው ግን አንድ ነው፤ የተከፈተ ቁስልና ያልጸዳ እጅ። ልጅዎን አትርፈዋታል።»

«ልጄ እንኳን አይደለችም። አብራኝ የምትሠራ ናት፤ ዘመድ ስለሌላት ነው።»

«የራስዎ ልጅስ የለዎትም?»

 የሴትዮዋ ዓይን ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ ዶክተሩ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዬ…» አለ።

የማን እማዬ? ነርሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለእነሱ እናቱ ውጭ አገር እንደምትኖር ነበር የነገራቸው!

በኋላ እንደሰማነው፣ ያንን ሰው ያሳደገው የእሷ መቀስ ነው። ልጅ ሆኖ «እማዬ፣ ለምንድን ነው የምትነክሪው?» ብሎ ሲጠይቃት ያስረዳችው እሷ ናት። በሽታ በእጅ እንደሚሄድ ከማንም መምህር በፊት ከእናቱ ነው የሰማው። በእናቱ ሽርጥ ስላፈረ ግን እውቀቷንም አብሮ ጣለው… በእኛ ሥጋ ላይ!

«ያን ቀን ልጄ ነው ለምን አላሉም?» አልኳት።

«እሱ ካልተናገረ እኔ ምን ብዬ?» አለች።

ዶክተሩ እያለቀሰ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸት አለች።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።»

ወንድሜ ከሁለት ወር በኋላ ሁለት የእግር ጣቶቹን እዚያ ትቶ ወጣ። ዶክተሩ ይቅርታ ጠይቆናል። ጣት ግን በይቅርታ አይበቅልም!

የናቁት ያደርጋል ራቁት ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ባክቴሪያ ዲግሪ አይፈራም፣ ነጭ ጋውን አያከብርም። እውነትም ሽርጥ ለብሳ ስለመጣች ውሸት አትሆንም። በእናቱ የሚያፍር ሰው ደግሞ መዘዙ ለሌላውም ይተርፋል።

እኔ ያን ቀን «እጅህን ታጥበሃል ወይ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ወንድሜ ዛሬ አያነክስም ነበር። አፈርኩ፣ አልጠየቅኩም። ይባስ ብዬ በተናገረችው ሴት ላይ ሳቅኩ።

እናንተስ? ቁስላችሁን ሊነካ የመጣን ባለሙያ «ታጥበሃል?» ብላችሁ ደፍራችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ… ወይስ እናንተም እንደ እኔ ከሳቂዎቹ ናችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነበዋለሁ።