ሽባባው ያከበረው ሕግ

የምክር ቤት አባሉ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ለቀስተኛው ብድግ አለ። ታናሽ ወንድሙን ሽባባውን ሐይቁ በልቶታል።

«ጋሼ፣» አለች የሟች ሚስት ደረቷን እየደቃች፣ «ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት የወንዙ አፍ በሕግ ተከለከለ ብለህ ከደወልክለት ወዲህ እዚያ ደርሶ አያውቅም።»

«እኛማ እዚያው ነን፤» አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ «‹ወንድምህ መጥቶ ሊያስርህ ነው?› ብለን ስንስቅበት፣ ‹የወንድሜን ሕግ እኔ ካላከበርኩት ማን ሊያከብረው?› ብሎ በዚያ ማዕበል ወደ ጥልቁ ቀዘፈ።»

«አይዞህ፣ ሕግህን አክብሮ ነው የሞተ» አሉት ሽማግሌዎቹ።

አንገቱን ደፋ። የደወለው ከምክር ቤቱ ስብሰባ በፊት፣ ሕጉ መጽደቁ አይቀርም ብሎ ነበር። በስብሰባው ዕለት እሱ ሰርግ ሄደ፤ ምልዓተ ጉባኤው በአንድ ሰው ስለጎደለ ሕጉ ሳይጸድቅ ቀረ።