የአብሺር ጠረጴዛ

«ያዢው እንጂ በደንብ! ኋላ እጅሽን ነው የምመታው» አለ ጉሌድ፣ መዶሻውን አንስቶ።

ኡባህ የሳጥኑን ክዳን በሁለት እጇ ጠፍንጋ ያዘች። «ምስማሩን መምታት ላቃተው ሰው እጄ ምን ይከብደዋል?»

ጉሌድ ሳቀ። በዚያ ግቢ ከትናንት ወዲህ ሲሳቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የሦስት ዓመት ልጃቸው አብሺር ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የቀመሰውን ሁሉ እየመለሰ፣ አሁን በኒም ዛፏ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሐብሐቡ ነው ብላለች ኡባህ። ሙቀቱ ነው ብሏል ጉሌድ።

ጠረጴዛው የኡባህ ሐሳብ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ልብስ ከምታጥብበት የፈረንጅ ቤት ነው ያየችው። ቁመቱ በሕፃን ልክ፣ ላዩ ለጨዋታ፣ ሆዱ ደግሞ ባለክዳን ሳጥን፤ የቤቱ ልጆች ሲሰለቻቸው መጫወቻቸውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ከተው ክዳኑን ይደፉበታል። አንድ ቀን አብሺርን ይዛው ሄዳ ነበር። ልጁ ጠረጴዛውን በጣቱ ጫፍ ሲነካ እመቤቲቱ ጨርቅ አንስታ ጠረገች። ጣቱን አይደለም፣ ጠረጴዛውን። ማታ ኡባህ ባሏን፣ «አናጢ አግብቼ ልጄ የሰው ጠረጴዛ ሲቀላውጥ አላይም» አለችው።

ጣውላ ደግሞ የት ተገኝቶ! ጉሌድ ከገበያ ባዶ የዕቃ ሳጥኖች ገዝቶ አመጣ። አፈራረሳቸው፤ ውጪውን በመላጊያ ልጎ አለሰለሰው። ውስጡን ግን «መጫወቻ ይሸፍነዋል» ብሎ እንዳለ ተወው። አብሺር መጫወቻ የለውም፤ ስለዚህ ራሱ ገባበት። አባቱ ዙሪያውን ሲቆርጥና ሲመታ፣ እሱ ሳምንቱን ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ባቡር ሲነዳ ሰነበተ።

«አሰላሙ ዐለይኩም!» የጉሌድ አጎት ጃማዕ ገባ። የአንበጣ መከላከል ዘመቻ መኪና ነጂ ነው። ከጀልዴሳ በረሃ መመለሱ ነበር፤ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። የቀረበለትን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ጠረጴዛውን በእግሩ ጫፍ አመለከተ። «ምንድን ነው ይሄ አቦ? የድንክ ሱቅ?»

«የልጄ ጠረጴዛ ነው፣ አዴር» አለች ኡባህ፤ እሷም አጎቴ ነው የምትለው። «ከዚራ ካለው ይበልጣል።»

«ማሻ አላህ! ያንቺ ምላስ ግን ከሁሉም ይበልጣል» አለና ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አነሳ።

እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ኡባህ ወገቡ የያዘው መሰላት። ከሳጥኑ ወለል ላይ፣ መላጊያ ባልነካው ጣውላ ላይ፣ በጥቁር ቀለም የተሣለ የራስ ቅል ወደ ላይ ያያል፤ ከሥሩ ሁለት አጥንቶች ተጠላልፈዋል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከገበያ። ምልክቱን አይተህ ነው አይደል?» አለ ጉሌድ። «የመብራት ነው። ምሰሶው ላይ ያለው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የመጣበት ሳጥን ይሆናል። እሷም ፈርታ ነበር፤ አቦ እንጨት አይይዝም አልኳት።»

ያንን የራስ ቅል ጉሌድም ኡባህም የሚያውቁት ከመብራት ምሰሶ ላይ ነው። የሰፈሩ ልጆች እንኳ ከሥሩ ሲያልፉ «እንዳትነካው፣ ይይዝሃል!» ይባባላሉ። ጣውላው የመጣ ዕለት ኡባህ ባሏ ሲስቅባት እልህ ይዟት መዳፏን ምልክቱ ላይ ልጥፍ አድርጋ አሳርፋ ነበር። አልያዛትም።

ጃማዕ ክዳኑን በክርኑ ገፍቶ ዘጋው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ እጁን በአሸዋ ያሽ ጀመር።

«ሽቦ አይደለም፣ ጉሌድ። የአንበጣው ነው። ከፉርሽካ ጋር የምንለውሰው መርዝ የሚመጣበት። እኛ ሳጥኑን እንቀብራለን፣ ሰው ቆፍሮ ያወጣና ይሸጠዋል።» አሸት አሸት አደረገ። «ጀልዴሳ ሳጥኑን የላሰ ግመል ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ግመል፣ ወላሂ!»

«እኛ አንልሰው!» አለች ኡባህ። እንደ ልማዱ አፏ ነበር የቀደማት። ወዲያው በመዳፏ ከደነችው፤ ወዲያውም መዳፏ የነካውን አስባ፣ እጇን እንደ ባዕድ ነገር ከፊቷ አራቀችው።

ጃማዕ ግቢውን በዓይኑ ፈለገ። «ልጁስ?»

ጉሌድ ወደ ኒሟ ሥር አየ፤ ጃማዕም ተከትሎ አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛው?»

«ሐብሐብ በልቶ ነው» አለች ኡባህ።

«መኪናው በር ላይ ነው። ሆስፒታል! ተነሱ እንጂ!»

«መርዙን በጫንክበት መኪና?» አለ ጉሌድ።

«ሌላ አለህ?» ጃማዕ ሞተሩን ሊያስነሳ ሮጠ። ጉሌድ መዶሻውን ጥሎ ተከተለው፤ ከዚያ ልጁ ትዝ ብሎት ተመለሰ፤ ከዚያ ደግሞ የገዛ እጁን አየና፣ ልጁን በምን እንደሚያነሳው ግራ ገብቶት ቆመ።

ኡባህ ከእንስራው ውሃ ደፍታ እስከ ክርኗ ታጠበች። ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተንበረከከች። የልጁ ጉንጭ ቀዝቅዟል፤ በዚያ ሙቀት።

አብሺር ዓይኑን በግማሽ ገልጦ እናቱን አያት። «ሆዮ፣ ባቡሬ አለቀ?»

«አለቀ፣ እናቱ ትሙትለት። እስቲ አፍህን ክፈት። ለሆዮ አሳያት።»

ሲሉት በአንድ ቃል ከፍቶ አያውቅም፤ ዛሬ ታዘዘ። ውጪ የመኪናው ሞተር አንዴ አጓርቶ ጠፋ፤ እንደገና አጓራ። ኡባህ አገጩን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገች። ከፊት የወተት ጥርሶቹ መካከል፣ ምራቅ ያለሰለሰው ቀጭን የጣውላ ስንጥር ተሰክቶ ነበር።