የባላባቱ ቀብር

ሽበሺ ሙሐመድሳኒን የገደለው ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ገበያው ጥግ፣ እናቱ እያየች ነበር። አንድ ጥይት በቂ ነበር፤ እሱ ሁለት ጨመረ። ከዚያ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ካርቶን ደረቱ ላይ አስቀመጠና ጠባቂዎቹን አዘዘ።

«ሬሳውን የነካ ይከተለዋል። እዚያው ይሽተት።»

ሽበሺ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ጅማ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የሰዉን ቋንቋም ሆነ ልማድ ለማወቅ አልደከመም። ነዋሪውን የሚያውቀው በመታወቂያ ቁጥር ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሬሳው የለም። ጠባቂው ቲጃኒ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ሽበሺ በሰደፍ አፉን ሲለው ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተፋ።

ንዴቱ ከፍርሃት የመጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሻምበል ወልደሰማያት የኪነት ዝግጅት ሊያይ ይመጣል፤ ከዝግጅቱ በኋላ ደግሞ ሬሳውን እንዲያይ ቃል ተገብቶለታል። የቀድሞው ሊቀመንበር ከዚህ ላነሰ ጥፋት ተረሽኗል።

የሟቹን አባት አባቦራን አስያዘ። ወፌ ላላ ሰቅሎ ውስጥ እግሩ እስኪተለተል አስገረፈው።

«ልጅህ የት ነው?»

«ወላሂ አላውቅም።»

«ዝግጅቱ እስኪያልቅ ካልተገኘ፣ እሱ በጎደለበት ቦታ አንተን ነው የማጋድመው።»

ወደ ጅሬንና ወደ ደዶ የሚወስዱት መንገዶች ተዘጉ። በየመቃብሩ ጠባቂ ቆመ። አዳራሹ ፊት ለፊት የቆመ የቡና ጭነት መኪና ነበር፤ የላይኞቹን ጆንያዎች በሳንጃ አስወጋቸው። ቡና ብቻ ፈሰሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ጀቤሳንና ዙሀራን ለማየት ሰው ከደዶ በእግሩ ይመጣል። ጀቤሳ ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ፣ የሴት ቀሚስ ለብሶ ኤሌክትሪክ ጊታር ያስጮኻል። ዙሀራ በከሰል ጢም ስላ ድራም ትደበድባለች። ዓርብ ቀን ከአጋሮ ሲገቡ መኪናቸው ተፈትሾ ነበር፤ ዊግ፣ ካባ፣ አለንጋ፣ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ የገለባ ባላባት። በየከተማው ዝግጅታቸውን የሚዘጉት እሱን በመቅበር ነው። ጉድጓዱን ከአዳራሹ ጀርባ ያስቆፈረው ራሱ ሽበሺ ነው፤ በደብዳቤ ጠይቀውት።

ጊታሩ ሲጮህ የቆርቆሮ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ጀቤሳ በቀሚሱ ላይ ካባ ደርቦ፣ ባላባት ሆኖ ዙሀራን ገረፋት። ዙሀራ አለንጋውን ነጥቃ አንገቱ ላይ ጠመጠመችው፤ ወንበር አነሳችና ጀርባው ላይ ሰበረችው። ከአፉ የቀይ ቀለም ደም ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተረጨ። ሰው ጮኸ፣ አፏጨ። ሽበሺም ሳይወድ በግድ ደስ አለው፤ ሰው ሲመታ ማየት ይወዳል።

ዓይኑ ግን ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበር። የሟቹ እናት ኩልሱም ተቀምጣለች። ልጇ በተገደለ ማግስት ዘፈን ልታይ መጣች? አላለቀሰችም። አልሳቀችም። ሽበሺ ነገሩ ገባው፤ ግርግሩን ተገን አድርገው ሬሳውን ሊያወጡ ነው። ብትነሳ እንዲከተሏት አዘዘ። አልተነሳችም።

«ባላባቱ ሞተ!» አለች ዙሀራ። በኦሮምኛም ጨመረች፤ «ኮታ! ኑ እንቅበረው!»

ሰዉ ወደ ጓሮ ወጣ። አራት ጎረምሶች በአቡጀዲ የተጠቀለለውን ባላባት በቃሬዛ ተሸከሙት፤ ላባቸው ይንጠባጠባል።

«ለገለባ ይህን ያህል ማለክለክ!» አለ ሻምበሉ እየሳቀ። «ትወና ይሏል ይሄ ነው።»

ሴቶቹ ከጓሮው በር አላለፉም፤ ዙሀራም ከበሮ ይዛ ከእነሱ ጋር ቀረች። ኩልሱም ከዚያ ሆና፣ ጠባቂዎች አምጥተው እጁን እንደታሰረ ጉድጓዱ አጠገብ ላቆሙት ባሏ አንገቷን ነቀነቀች። ሽበሺ ምልክቱን አየ። ሳይፈተሽ የቀረው የቡናው መኪና ታች ብቻ ነው፤ ሬሳው ከታችኞቹ ጆንያዎች ሥር ነው ማለት ነው። ቲጃኒን ወደ ጭነት መኪናው አሯሯጠው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አለ አባቦራ፣ «እጄን ይፍቱኝ። ትንሽ ውሃም ይስጡኝ።»

«ለምንህ?»

«ከሰዉ ጋር ልቁም።»

ሻምበሉ ሳቀና ፍታው አለ። ሽማግሌው ፊቱን፣ ክንዱን፣ የደማ እግሩን ታጠበ፤ እያነከሰ ፊተኛው ረድፍ ገባ። ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ቆመዋል። ዙሀራ ከበሮውን አራት ጊዜ መታች። በየመሃሉ ጸጥ ይላል። ያጎነበሰ የለም።

«ሥነ ሥርዓት አስይዘሃቸዋል፣» አለ ሻምበሉ። ሽበሺ ደረቱን ነፋ።

ሁለት ጎረምሶች ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ባላባቱን ተቀበሉት፤ በቀኝ ጎኑ አስተኙት። ጀቤሳ ቀሚሱን ሰብሰብ አድርጎ እጅ ነሳና አካፋውን ለሽበሺ ሰጠው። ሽበሺ የመጀመሪያውን አፈር መለሰ። ሞቅ ሲለው ሌላም፣ ሌላም ጨመረ። ሻምበሉ ሽጉጡን መዞ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሰ።

«ሞት ለፊውዳሊዝም!»

ሰዉ ግራ እጁን አነሳ። ጀቤሳና ዙሀራ ዱቄታቸውንና ጢማቸውን እንኳ ሳይታጠቡ መኪናቸውን አስነሱ።

ቲጃኒ ባበጠ አፉ ተመለሰ። ጆንያው ሁሉ ተዘርግፏል፤ ቡና ብቻ ነው።

ሽበሺ የሽማግሌውን ኮሌታ ይዞ ሽጉጡን ግንባሩ ላይ ደገነ። ሻምበሉ ምንድን ነው ብሎ ቀረበ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። ልጅህ የት ነው?»

አባቦራ የመኪናው ድምፅ በአጋሮ መንገድ ርቆ እስኪጠፋ ዝም አለ።

«ምነው ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁን እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ የቀበሩልኝ?»