የጫማ ቀለም

«ቀጣይ!»

ምላጩ ጨርቁን አራገፈና ለሚቀጥለው ሰው ዘረጋው። ከመኪና የወረዱት አዳዲስ ምልምሎች በመጋዘኑ ግድግዳ ጥላ ሥር ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እሱም እንደነሱ ምልምል ነው፤ የመጣው በቅርቡ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ እንደነበረ ሃምሳ አለቃው ሰማና፣ ስልጠናው እስኪጀመር ሌሎቹ ጉድጓድ ሲቆፍሩ እሱን ማሽን አስይዞ እዚህ ገተረው። ስሙን የሚጠራው የለም። በሁሉም አፍ «ምላጩ» ሆኖ ቀረ።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ደፍቷል። ምላጩ ጨርቁን ሊያለብሰው ሲል እጆቹን አየ። ሲሚንቶ የበላቸው፣ ጥፍራቸው የተሰነጣጠቀ የግንበኛ እጆች። ማሽኑ ሊወድቅበት ነበር።

«አባዬ?»

«ዝም ብለህ ላጭ» አለ አባቱ ከንፈሩን ሳያላውስ።

ምላጩ ከቤት ሲወጣ ጥጥ መስሎ ትቶት የመጣው የአባቱ ፀጉር ዛሬ ከሰል ሆኗል። የጫማ ቀለም ይሸታል። ጺሙም ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። ከሙቀቱ የተነሳ ከጆሮው ሥር አንድ ጥቁር መስመር ወደ አንገቱ እየወረደ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ምላጩ በሳቅ በፈረሰ ነበር።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው እያንሾካሾከ፣ ማሽኑን አስነስቶ።

«አንተስ?»

«እኔማ ተጠርቼ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሳልጠራ።»

«እማዬን ለማን ትተሃት ነው? ታውቃለች?»

«ቀለሙን የቀባችኝ ማን ሆነችና!»

ምላጩ ማሽኑን ከአባቱ ራስ ላይ አነሳ። አባቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታላቅ ወንድምህን ብቻውን ልከን ምን አገኘን? የት እንደወደቀ እንኳ የሚነግረን ሰው አጣን። እሷም በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየዘለለች መነሳቷን አልተወችም። አንተን ግን ብቻህን አልሰድም። ከጎንህ እሆናለሁ፤ በቃ። አሁን ላጭ፣ ሰው እያየን ነው።»

ላጨ። ቀለሙ ከላይ ከላይ ነው፤ ሥሩ ነጭ ነው። የተላጨ ራስ ግን ዕድሜ የለውም። ጨርሶ ከሸለተው ሽበቱ መሬት ላይ ይቀራል፣ ማንም አይጠይቅም፣ አባትና ልጅ አንድ ድንኳን ያድራሉ። ልቡ ለአፍታ ሞቅ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ የአባቱ ጉልበት ትዝ አለው። ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ነው። የሲሚንቶ ብናኝ የዘጋው ደረቱ ሌሊት ሌሊት እንደ ወናፍ ያፏጫል። ገና ስልጠናው ሳይጀመር፣ ትናንት ለቁርስ ሰልፍ ሲሮጡ የወደቀ አንድ ጎረምሳ እስኪነሳ ድረስ ሲረገጥ ምላጩ ቆሞ አይቷል። ያ ልጅ ደግሞ በሬ የሚያህል ነበር።

ከሦስት ወንድ አንድ እንኳ ለእማዬ ይቅርላት፣ አለ በልቡ። ማሽኑን በግማሽ ራስ ላይ አጠፋው።

«ሃምሳ አለቃ!»

አባቱ ከጨርቁ ሥር እጁን አውጥቶ የልጁን እጅ ጨመደደ። «ተው ልጄ። ተው፣ አፈር ስሆን!»

«እኚህ ሰው ሽማግሌ ናቸው፣ ጌታዬ! ፀጉራቸውን ተቀብተው ነው የገቡት!»

ሃምሳ አለቃው በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። ጣቱን ባልተላጨው በኩል አሸት አደረገና አየው፤ ከዚያ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ጠረገው። «እንዴ፣ አባት! ዳግም ሊሞሸሩ ነው?» ሰልፉ በሳቅ አወካ። ወደ ምላጩ ዞረ። «አንተስ በምን አወቅህ?»

«አባቴ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ሃምሳ አለቃውም የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ፤ ለአፍታ የሰው አባት መሰለ። ቀጥሎ ግን ዓይኑ በሩ አጠገብ የጥይት ሳጥን ወደሚጫንበት መኪና ሄደ። ወደ ግንባር የሚሄድ መኪና ነው።

«ልክ ነህ፣ ለስልጠና አይሆኑም» አለ። «ሳጥን ለመሸከም ግን ስልጠና አያስፈልግም። ሾፌር! አንድ ተሸካሚ ጨምር!»

«ወደ ቤቱ ይመለስ ብዬ እኮ ነው!»

«ከዚህ በር ወደ ቤት የሚሄድ መኪና አይተህ ታውቃለህ?» ሃምሳ አለቃው ጀርባውን ሰጠ። «ቶሎ ጨርሰው፤ ግማሽ ራስ ይዞ አይሄድም።»

ምላጩ ማሽኑን አስነሳ።

«እጅህን አጽና፣ ትቆርጠኛለህ» አለ አባቱ ቀስ ብሎ። ቁጣ የለበትም። «ሸክም ለእኔ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም አይደል የኖርኩት።» መላጨቱ ሲያበቃ ደግሞ፣ «ለእናትህ አብረን ነን በላት» አለ።

ጨርቁን ራሱ ከአንገቱ ፈቶ፣ አጣጥፎ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

መኪናው ላይ ሁለት ጎረምሶች በብብቱ ይዘው አወጡት። ሳጥኖቹ መሃል፣ ጠባቧ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ መዳፉን ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ዘረጋ፤ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ለዘመዱ ወንበር እንደሚይዘው። አንድ ሌላ ተሸካሚ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለው» እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው የመኪናውን ብረት ይዞ ቆመ። መኪናው ተነስቶ ከበሩ ሲወጣ እጁ እዚያው ነበር።