«አንተ አፍህን ሳትከፍት እኔ አልከፍትም»

«ሁሉንም ይንቀሉላት።»

ልጁ ይህን ያለው እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው እየሰሙት ነው...

ልደታ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለች ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሐኪም ረዳት ነኝ። ይህን የምጽፈው እናትና ልጅ ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውን ብቻ ቀይሬዋለሁ።

ልጁ ኤልያቄም ይባላል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሜክሲኮ አንድ ባንክ ይሠራል። ጫማው ዝንብ ያንሸራትታል፤ ማስቲካ ከአፉ አይጠፋም።

እናቱ እማማ ማናለብሽ ናቸው። በልጅነታቸው መንዝ እያሉ የተነቀሱት ድዳቸው ጥቁር ነው።

ዶክተር ፋዮ ልጁን ትታ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እማማ፣ ምን ያምዎታል?»

«እኔን? ምንም።»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ» አለ ልጁ። «ዶክተር፣ ንቅሳቱ ሥር በስብሷል። ቤቱ በሙሉ ይሸታል። ሰርጌ ደግሞ ሁለት ወር ነው የቀረው። ተነቅሎ ሰው ሠራሽ ይግባላት... ለፎቶም ያምራል። እጮኛዬ ኑኃሚን ስትመጣ እኮ እማዬን ጓዳ ነው የማበላት።»

ይህን ሲናገር ትንሽ እንኳ አላፈረም...

እኔ ደሜ ፈላ። ዕቃ የማጥብ መስዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

እማማ ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እሺ፣ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንተ ተቀመጥ።»

«እኔ ምን ሆኜ?»

«ልጅ ሆነህ ክትባት ፈርተህ ስታለቅስ፣ መጀመሪያ ክንዷን የምትሰጠው ማን ነበረች? ዛሬ እኔ ፈራሁ። ተራው ያንተ ነው።»

«እማዬ፣ ሰው እየሰማ...»

«ይስማ። አንተ አፍህን ሳትከፍት እኔ አልከፍትም።»

ልጁ እየሳቀ ማስቲካውን ተፋና ወንበሩ ላይ ተጋደመ።

ዶክተር ፋዮ ቀጭኗን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፤ እኔ እጽፋለሁ።

«ሦስት... አምስት... ስድስት... ሰባት።»

«ከአስር ነው?» አለ ልጁ፣ ደስ ብሎት።

ዶክተር ፋዮ መለኪያዋን አሳየችው።

«ሚሊሜትር ነው» አለችው። «ጤነኛ ድድ ውስጥ ይህ ብረት ከሦስት አያልፍም።»

መለኪያው በነካበት ሁሉ ደም ወጣ። አንድ ቦታ ላይ መግል አየን። የታችኛውን የፊት ጥርሱን በጣቷ ስትነካው ተነቃነቀ...

«ስትቦርሽ ይደማል?»

«ይደማ ነበር። እንዳላቆስለው ብዬ ብሩሽ ተውኩ... በማስቲካ ነው የምኖረው። ዓመት ይሆነዋል።»

ዶክተር ፋዮ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ስማኝ። ድድ መጀመሪያ ይቆጣል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ ስትቦርሸው ይደማል። ያኔ በደንብ ከታጠበና ከተቦረሸ ይድናል። ሲደማ ይበልጥ መቦረሽ እንጂ መተው አልነበረብህም። ችላ ሲባል በሽታው ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፣ መግል ይይዛል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ይነቃነቃል። አንተ እዚያ ደርሰሃል። የሄደው አጥንት በቀላሉ አይመለስም፤ የቀረውን ግን እናተርፋለን። የስኳር በሽታ ድድን ስለሚያባብስ ስኳርህንም ትመረመራለህ።»

ልጁ የተነቃነቀውን ጥርስ በምላሱ እየነካካ ከወንበሩ ወረደ።

«በይ አሁን የኔን እይልኝ» አሉ እማማ፣ ወንበሩ ላይ ወጥተው።

«ንቅሳት መቅላትን ስለሚደብቅ በቀለም አልፈርድም» አለችና ዶክተሯ መለካት ጀመረች።

«ሁለት... ሁለት... ሦስት... ሁለት።»

ከኋላ አንዱ ጥርስ ላይ ብቻ ቆሻሻ ጠጥሮ ድዱ ትንሽ ደማ።

«በአንድ ቀን እጥበት ያልቃል። የሚነቀል ጥርስ የለዎትም፤ የሚሸት ነገርም የለም።»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው...

ቆዩ ግን። ታሪኩ ገና አላለቀም።

እማማ ከቦርሳቸው አንድ የትራስ ልብስ አውጥተው ልጃቸው ጭን ላይ ዘረጉት። ታጥቦ ያልለቀቀ የደም ነጠብጣብ አለበት።

«ይኼ የማነው?»

«...የኔ።»

«ስምንት ወር አጠብኩት። ሦስት ጊዜ ሐኪም ቤት ሂድ አልኩህ። 'የገጠር ወሬሽን ተይ' አልከኝ። ከዚያ ጥርስሽን እናስነቅል ስትለኝ... ለራሱ አልመጣ ያለ ልጅ እኔን ለማስነቀል ከመጣ ይምጣ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ሽታው ከኔ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«ኑኃሚንም ታውቃለች። እሷ ፊት 'ሽታው ያንተ ነው' ብዬ ላለማሳፈር ነው ጓዳ የበላሁት።»

ልጁ የትራሱን ልብስ ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እማማ አላባበሉትም። «አልቅስ» አሉት። «ነገ ግን ብሩሽ ትገዛለህ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ከድዱ ሥር ያለው ቆሻሻ ታጠበለት። ጥርሶቹ ተርፈውለታል፤ እስከ ዛሬ በየሦስት ወሩ ይመጣል።

ሰርጉ ላይ ተጠርቼ ነበር። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ «ማዘር፣ አፍዎን ትንሽ ገጠም ያድርጉት» አለ።

እማማ ወገባቸውን ይዘው፣ «በመርፌ ተወግቼ ያሳመርኩትን ድድ አንተ ልታዘጋኝ ነው?» ብለው ጥቁሩን ድዳቸውን እስከ ጥግ አውጥተው ሳቁ።

ሙሽራው ከጎናቸው ሆኖ፣ «እንዲህ እንዳለች አንሳት» አለ።

ትምህርቱን በግልጽ ልንገራችሁ፤ መሸፋፈን አልወድም። የሚደማ ድድ ብሩሽ ጠግቦ አይደለም፣ እየጮኸ ነው። በማስቲካ አፉን አትዝጉት። እናታችሁን ደግሞ በመልኳ ፈርዳችሁ ጓዳ አታስገቡ፤ የምትሸሽጉትን ነገር ስታጥብላችሁ የኖረችው እሷ ልትሆን ትችላለች።

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ... ብሩሻችሁ ላይ ደም አይታችሁ ዝም ካላችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? የናንተ ሆኖ ሳለ በእናታችሁ ያሳበባችሁትስ ነገር ምንድን ነው?