በግራ የወደቀው ጠጠር

ስደተኛው ከፊት፣ ልጅቷ ከኋላ ሆነው በጠባቡ መንገድ ይሄዱ ነበር። የውሃ ጉድጓዱ ላይ ወንዶች ሲጋፏት ጀሪካኗን ስለሞላላት አባቷ ሊያመሰግኑት አስጠርተውታል። ከኋላዋ እየሄደ እንዳያያት ብሎ፣ መታጠፊያ ሲደርሱ ጠጠር እየወረወረች እንድትመራው ለምኗት ነበር። «ነቢዩ ሙሳም በስደቱ አንዲት ልጅ ከኋላ እየመራችው እንዲህ ነው የሄደው» ሲላት፣ «እሱማ መጨረሻ ላይ አገባት» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። «በአንድ ቡጢ ሰው ገድያለሁ፤ ወንድሞቹ እየፈለጉኝ ነው» አላት። «አባቴም ከራስህ አፍ ይስሙት» አለችና ጠጠር ወደ ቀኝ ወረወረች።

ከአባቷ ቤት በር ላይ ጭቃ የለበሰ መኪና ቆሟል፤ ታርጋው የስደተኛው አገር ነው። ቀጣዩ ጠጠር ከበሩ ርቆ በግራ፣ ከሰፈር በሚያስወጣው መንገድ ላይ ወደቀ። ገባውና ሮጦ የአጥሩን ጥግ ታጠፈ።

«የት ሄደ?» አለ ከኋላው በአገሩ ዘዬ ወፍራም የወንድ ድምፅ። የቀሩት ጠጠሮች በሙሉ ከልጅቷ እጅ ሲረግፉ ሰማ። በቡጢ በመታበት ቀንም የወደቀውን ሰው ዞር ብሎ ሳያይ ነበር የሮጠው። ስደተኛው ቆመ። ከዚያ ተመለሰ፤ ከጥጉ ብቅ ብሎም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቷን አየ።