የሚጨመር አለ?

የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የሽማግሌውን አራሚ የስንብት ደብዳቤ ጮክ ብላ አነበበችው። በቤቱ ወግ ሳይነበብ የሚፈረም ወረቀት የለም፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ቅጂውን ይዞ በእርሳስ ይከተላል። እሷና እሳቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል እንዲህ ሲያነቡ ኖረዋል። "ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን" የሚለው ላይ ስትደርስ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ እስከ አራት ነጥቡ ዘለቀችው።

"የሚጨመር አለ?" አሏት፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እንደሚሉት። እርሳሱን እንደያዙ ጠበቁ፤ ከወትሮው ረዘም አድርገው ጠበቁ። ስልሳ ሠራተኛ ፊት ቆማ ስታዝ አፏ የማይያዘው ሴት፣ "ጋሼ፣ አይሂዱብኝ" ማለት ምላሷ ላይ ከበዳት። የራሷን ፍላጎት ለሰው ተናግራ አታውቅም፤ አፏ አልለመደውም።

"የለም" አለች።

ሽማግሌው ቅጂያቸውን ከነእርሳሱ ጠረጴዛዋ ላይ አኑረው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ቃል ሲገደፍ የሚያደርጉትን የማስገቢያ ምልክት አስቀድመው ጽፈውት ነበር። ቦታው ባዶ ነው።

"ጋሼ፣ አይሂዱብኝ" አለች ያኔ፣ ጮክ ብላ፣ አንድም ፊደል ሳትስት። እርሳሱን ይዞ የሚከተላት ግን አልነበረም።